ሁለት ወጣቶች በአንድ ካርድ ላይ

ልጆቼ፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለበትን ካርድ መሰብሰብ የጀመራችሁ ሁሉ ስለ ዝነኛው ተጫዋች ኖላን ራያን የጀማሪነት ካርድ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ዋጋውን የሚመለከት ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሰዎቹ ባጫውታችሁ እወዳለሁ።

ካርዱ ቶፕስ የተባለው የካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተማቸው መካከል 177ኛው ነው። ዳር ዳሩ የጆንያ ጨርቅ ይመስላል። በስተቀኝ ራያን አለ፤ በስተግራ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ልብ የማትሉት ጄሪ ኩዝማን። ሁለቱም የኒውዮርክ ሜትስ ክለብ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ኳሱን ለተቃራኒ ቡድን መቺ የሚወረውሩ ተጫዋቾች ነበሩ። ኩዝማን የተገኘው እዚሁ ቴክሳስ፣ በፎርት ብሊስ የጦር ሰፈር ሲጫወት ነው፤ ኩዝማን የሚወረውረውን ኳስ ይቀበል የነበረው ወታደር አባት በሜትስ ስታዲየም ተመልካች ያስተናግድ ነበርና ልጁ ጻፈለት፣ አባትም ለክለቡ ነገረ።

ካርዱ በወጣበት ዓመት ኩዝማን 19 ጨዋታ አሸነፈ፣ ራያን 6። በ1969 ሜትስ ባልቲሞርን ረትቶ ዋንጫ ሲያነሳ ለዋንጫው ካበቁት አራት ድሎች ሁለቱ የኩዝማን ነበሩ። ራያን ኳሱ እንደ ጥይት ቢፈጥንም አቅጣጫው አይታመንም ነበርና በ1971 መጨረሻ ክለቡ ለካሊፎርኒያ ኤንጅልስ አሳልፎ ሰጠው። እርሱ ግን እስከ 1993 ወረወረ፤ 5,714 ጊዜ መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም በሦስት ያልተመቱ ትክክለኛ ውርወራዎች፣ አስወጣ። በ44 ዓመቱ፣ አርሊንግተን ላይ፣ ቶሮንቶዎች አንድም ኳስ መትተው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ምልክት) ሳይደርሱ ጨዋታውን ጨረሰ፤ እንዲህ ሲያደርግ ሰባተኛው ነበር። ያ የአቅጣጫ ችግርም ጨርሶ አልለቀቀውም፤ አራት ጊዜ ከዒላማ ውጭ እየወረወረ 2,795 መቺዎችን በነፃ ወደ ቤዝ አሳልፏል፣ ይህም ክብረ ወሰን ነው። በሃያ ዓመት ልጅ ላይ ብያኔ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው ሳይ ይህን ካርድ ላሳየው ያምረኛል። እናንተም በራሳችሁ ላይ አትቸኩሉ።

ስለ ግዢው፦ ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ያሳለፍኩ ነኝና ይህን ስሙኝ። ማጉያ መነጽር ያዙ። ፎቶግራፉ ከጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ድፍን መሆን አለበት። ፊደሉም ነጥብ በነጥብ ከሆነ ከሌላ ካርድ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል አትግዙ። ጠርዙ የተከረከመ እንዳይሆን በማስመሪያ ለኩት። ክንዱ ነገ ሊጎዳ በሚችል አዲስ ወርዋሪ ካርድ ላይ ደግሞ የተበደራችሁትን ገንዘብ አታውሉ።

የራያን ካርድ ዛሬ ከብዙዎቻችሁ አቅም በላይ ነው። ኩዝማን ግን እስከ 1985 ተጫውቶ 222 ጨዋታ አሸንፏል፤ በኋለኞቹ ዓመታት የታተሙት ካርዶቹ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ከእነርሱ ጀምሩ።