የኢራቅ ሟቾች ቁጥር ለምን ተራራቀ?

ወንድሜ፣ «ስለ ኢራቅ ጦርነት አንዱ ጥናት 655 ሺህ፣ ሌላው 151 ሺህ ሰው ሞተ ካለ፣ የቤት ለቤት መጠይቅ ምኑ ይታመናል?» ብለሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ፣ ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው 655 ሺህ፣ ጦርነቱ ባይኖር የማይሞቱትን ሁሉ ይቆጥራል። በ2008 የወጣው 151 ሺህ ግን በጥቃት የተገደሉትን ብቻ ነው። ይህ ግን ክፍተቱን አይዘጋውም፤ የላንሴቱም አብዛኞቹ ሟቾች በጥቃት ያለቁ ናቸው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ናሙናው ነው። የላንሴቱ በ47 ቦታዎች 1,849 ቤተሰብ ጠየቀ፤ ሁለተኛው 9,345። ግድያ ደግሞ በአገሩ እኩል አይዳረስም። አንዱ ሰፈር ያልቃል፣ ጎረቤቱ ይተርፋል። ጥቂት ቦታ ብቻ ከታየ ግምቱ በጣም ይዋዥቃል። ላንሴት ራሱ ከ393 ሺህ እስከ 943 ሺህ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ሰው የሚያነሳው ግን የመሃሉን ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እኔ ብዙ ቤተሰብ የጠየቀውን ሁለተኛውን ጥናት የበለጠ አምናለሁ። እሱም ቢሆን አደገኛ ሰፈሮችን አልገባም፤ በሌላ መረጃ ገምቶ ነው የሞላቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ያለቀበት ቤት ደግሞ በየትኛውም መጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው የለውም።