ኤርብራሽ ለመጀመር ላሰባችሁ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ኤርብራሹን፣ እንደ እስክሪብቶ ተይዛ ቀለም በአየር የምትረጨውን መሳሪያ፣ በፌስታል ጠቅልሎ እኔ ጋ መጣና "ጋሼ ይቺ ነገር ተበላሸችብኝ፣ ቀለም ስጨምርባት ኩባያዋ ውስጥ ይፈላል" አለኝ። ከገዛት ገና ሁለት ወሩ ነው። ፈታታሁና በማጉያ መነጽር አየሁለት፣ ጫፏ ላይ ያለችው ቀለሙ የሚወጣባት ኖዝል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነገር ናት፣ ጎኗ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለባት፣ አየሩ በዛች ስንጥቅ ወደ ኋላ እየገባ ነው ቀለሙን የሚያፈላው። በምን አሰርካት ስለው "በፒንሳ፣ እንዳትፈታ ብዬ ጥብቅ አድርጌ" አለ። ልጁ እኮ እጁ በጣም ጥሩ ነው፣ ስልኩ ላይ ያሳየኝ የእናቱ የእርሳስ ስዕል ልብ ይነካል፣ ግን ስለ መሳሪያዋ ማንም ምንም ነግሮት አያውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ይሄን መጻፍ የጀመርኩት።

እኔ ታፔላ ጸሐፊ ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ ፊደል በብሩሽ። ከዛ ጋራዥ ገብቼ መኪና ቀለም፣ ከዛ ኤርብራሽ፣ ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ፊደል የሚቆርጠው ማሽን ፕሎተርና ስቲከር መጥቶ የታፔላውን ስራ ሲወስደው እኔን ቤተሰብ ይዤ ያቆየችኝ ይቺ ትንሽ መሳሪያ ናት፣ የሞተር ሳይክል ታንከር፣ ባጃጅ፣ የሱቅ ግድግዳ፣ ቲሸርት፣ ያልሰራሁበት ነገር የለም። ስለዚህ የምነግራችሁ የሰራሁበትን ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱን ልግዛ" ብሎ ነው። ሁለት አይነት አለ። ሲንግል አክሽን የሚባለውን ስትጫኑት አየሩም ቀለሙም እኩል ነው የሚወጣው፣ የቀለሙን መጠን በብሎን አስተካክላችሁ ነው የምትሰሩት። ደብል አክሽን ግን ጣታችሁን ወደ ታች ስትጫኑ አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቡ ቀለም ይሰጣችኋል፣ በምትስቡት ልክ መስመሩ ይወፍራል ይቀጥናል። ብዙ ሰው ለጀማሪ ሲንግል ይሻላል ይላል፣ እኔ አልስማማም፣ ጣት አንዴ የለመደውን ማስተው ከባድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ደብል ያዙ። ኩባያዋ ከላይ የሆነችውን ውሰዱ፣ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በትንሽ አየር ትሰራለች፣ አምስት ጠብታ ቀለምም ይበቃታል። ጠርሙስ ከስር የሚንጠለጠልባት ለቲሸርትና ለሰፊ ስራ ናት፣ እሷ ትቆይ።

የኖዝል መጠን ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። 0.2 ሚሊሜትር ስስ መስመር ታወጣለች ሲባል ይሰማና እሷን ይገዛል፣ ከዛ በየአምስት ደቂቃው ስትደፈንበት ስራውን ይጠላዋል። ከ0.3 እስከ 0.5 ባለው ጀምሩ። ኢዋታ ኤክሊፕስ ኤችፒ ሲኤስ የምትባለው 0.35 ናት፣ ባጀር ፓትሪዮት 105 ደግሞ 0.5፣ ሁለቱም ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ ናቸው። የጀርመኑ ሀርደር ኤንድ ስቲንቤክ፣ የአሜሪካው ፓሽም አሉ። አቅም ከሌላችሁ የቻይናዋም ትሰራለች፣ እኔ አልንቃትም፣ ለመፍታትና ለመግጠም መለማመጃ ጥሩ ናት። ግን የትኛዋንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፣ መርፌዋ፣ ውስጧ ሆና ቀለሙን የምትከፍተውና የምትዘጋው፣ እና ኖዝሏ ለብቻ ይገኛል ወይ? የአንዱ ድርጅት መርፌ ለሌላው አይሆንም። ውጭ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ሁለት ትርፍ ኖዝልና አንድ መርፌ አብሮ እንዲያስገባ ለምኑት፣ ሲሰበር በአንድ ኖዝል ምክንያት ሦስት ወር ቁጭ ከማለት ያድናችኋል።

ዘመድ ካልኩ አይቀር ኮምፕሬሰር፣ አየር የሚሰጣትን ማሽን፣ ከአሜሪካ አታስመጡ። እዛ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ለኔ አንድ የአክስቴ ልጅ በሻንጣ ተሸክሞ አምጥቶልኝ ነበር፣ ሳጥኑን የከፈትኩበት ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ ሶኬቱን ማስማሚያ ላይ ሰካሁት፣ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከዛ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ አለቀ። ማስማሚያው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን እንደማይቀይር የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ለእናንተ ግን እኔ ነገርኳችሁ።

ከዛ በፊት ደግሞ ኮምፕሬሰር ጭራሽ አልነበረኝም፣ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ትርፍ ጎማ አስነፍቼ በእሱ አየር ነበር የምሰራው። ይሰራል! ግን አየሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጠዋት የጀመርኩት ፊት ግንባሩ ልስልስ ብሎ አገጩ ላይ ሲደርስ አሸዋ የተረጨበት ይመስል ነበር፣ እኔም እጄ ነው ጥፋተኛው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ። እጄ አልነበረም፣ አየሩ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካጠራችሁ ከኤርብራሿ ላይ ቀንሱና ኮምፕሬሰሩ ላይ ጨምሩ። ትንሿ፣ ባለ 3 ሊትር ታንከሯ ትበቃለች፣ ታንከር የሌላት አየሯ እንደ ልብ ምት ስለምትመታ መስመሩን ታንቀጠቅጥባችኋለች፣ መብራት ድንገት ሲጠፋም ታንከር ውስጥ የቀረው አየር የጀመራችሁትን መስመር ይጨርስላችኋል። ፕሬሸር ማስተካከያና ውሃ መያዣ የግድ ይኑራት። በ20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጀምሩ፣ መቁጠሪያው በባር ከሆነ 1.4 አካባቢ ማለት ነው፣ ጌጁን፣ መቁጠሪያውን ማለቴ ነው፣ ደግሞ አየሩ እየወጣ እያለ አንብቡት፣ ተዘግቶ የሚያሳየው ቁጥር ስትጫኑት ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ታንከሩ ለመሙላት ይቆያል፣ ሞተሩ ሲግል አሳርፉት። ክረምት ላይ ደግሞ ታንከሩ ውሃ ያጠራቅማል፣ ማታ ማታ ከስር ያለውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ አፍስሱት፣ ያለበለዚያ ያለቀለት ስራ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ጠብ ትልና የዓይኑን ብሌን ይዛ ትወርዳለች።

ቀለሙ ወተት መሆን አለበት፣ እርጎ ከሆነ አይሄድም። ኩባያዋን ዘንበል አድርጋችሁ መልሱ፣ ቀለሙ ግድግዳዋ ላይ ስስ ነገር ትቶ ቶሎ ከወረደ ልክ ነው። ሁልጊዜ በስቶኪንግ አጥልሉት። የውሃ ቀለም በራሱ ማቅጠኛ፣ የመኪና ቀለም በራሱ ቲነር፣ ሁለቱን አታደባልቁ፣ ወዲያው ይረጋና ውስጧ እንደ አይብ ይሆናል። በበጋው ደረቅ አየር ቀለም መርፌዋ ጫፍ ላይ ይደርቃል፣ መስመሩ ሲቆራረጥና ሲተፋ ፕሬሸር አትጨምሩ፣ ጫፉን እርጥብ ለስላሳ ብሩሽ አስነኩት፣ ይለቃል። ኬክ የምትሰሩ ልጆች ደግሞ ለምግብ ቀለም የራሷ የሆነች ለብቻ ኤርብራሽ ይኑራችሁ፣ ሌላ ቀለም የነካችውን ምንም ብትታጠብ ኬክ ላይ አታስጠጓት።

እጅን በተመለከተ አየር ይቀድማል፣ አየር መጨረሻ ይዘጋል፣ ቀለሙ መሀል ነው። ቀለሙን ሳትመልሱ አየሩን ከለቀቃችሁት ቀለም ጫፉ ላይ ይቀርና በሚቀጥለው ስትጫኑ ይተፋል። እጃችሁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ቀለም ስጡ፣ እጃችሁ ሳይቆም ቀለሙን ዝጉ። አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነጥብ ብቻ ስሩ፣ በረድፍ፣ አንድ መጠን እስኪሆን ድረስ፣ ከዛ መስመር፣ ከዛ ወፍራም ጀምሮ እንደ ጦር የሚሾል፣ ከዛ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚጠፋ ጥላ። ለመስመር አንድ ሴንቲሜትር ተጠጉ፣ ለጀርባ 10 ወይም 15 ራቁ። ተጠግታችሁ ብዙ ቀለም ከሳባችሁ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል፣ እሱን ስታዩ ጣታችሁን ቀንሱ።

ማጠቡ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ስራ ሲያልቅ የቀረውን ቀለም አፍስሱ፣ ኩባያዋን ጥረጉ፣ ማጠቢያ ጨምራችሁ ንጹህ እስኪወጣ ንፉ፣ ከዛ ጫፏን በጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ ትንሽ አየር ስጧት፣ ወደ ኋላ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች፣ ያኔ ቀለሙ ምን ያህል ውስጥ ተደብቆ እንደነበር ታያላችሁ። አፍስሳችሁ ድገሙት። ከዛ መርፌዋን ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቧት፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ እያሽከረከራችሁ ወደ ጫፏ ጥረጉ። ስትመልሷት ኖዝሏን እንደነካች ቁሙ፣ አትግፏት። ኖዝል በጣት ጫፍ ኃይል ነው የሚታሰረው፣ ቁልፍ አብሯት ከመጣ በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ ሲነካ በቃ። መላዋን ቲነር ውስጥ አትዘፍዝፉ፣ የጎማ ቀለበቶቿ ያብጣሉ። በፈረንጆቹ 1879 አሜሪካ፣ አይዋ በምትባል ግዛት ውስጥ አብነር ፒለር የሚባል ሰው የመጀመሪያዋን ሲሰራት የታጠፈ የስፌት መርፌ ነበር የገባባት ይባላል፣ ዛሬም ነገሩ ሁሉ መርፌዋ ጫፍ ላይ ነው። ከታጠፈች መስመራችሁ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ እያሽከረከራችሁ ወደ ኋላ ስትስቧት ትንሽ መታጠፍ ይስተካከላል።

አሁን ትንፋሻችሁ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ፎጣ አፋችን ላይ አስረን ነበር የምንረጨው። ከኔ ጎን አብሮኝ ለዓመታት የሰራ ጓደኛዬ ነበር፣ ክሊር፣ ከቀለም በላይ የሚረጨውን የሚያብረቀርቅ ልባስ፣ እየረጨ፣ ያውም ማጠንከሪያ የሚደባለቅበትን። እሱ ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ፣ አስም ያመጣል፣ ሰውነት አንዴ ከጠላው በኋላ ትንሽ እንኳን ከሸተተው ደረት ይዘጋል። ጓደኛዬ 40 ሳይሞላው ደረጃ መውጣት አቃተው፣ የጋራዡን በር ማለፍ እንኳን አልቻለም፣ ስራውን ትቶ ወጣ፣ ከሁላችንም የሚበልጥ እጅ ነበረው። የወረቀት ማስክ የቲነር ሽታ አያስቆምም፣ ከሰል ያለበት ካርትሪጅ የሚገጠምለትን ግዙ፣ ካርትሪጁንም ሽታ ሳይመጣባችሁ በፊት ቀይሩት። ማጠንከሪያ ያለበትን ቀለም ግን እሱንም አድርጋችሁ ቤት ውስጥ እንዳትረጩ፣ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት ቦታ ያለው ባለሙያ ይስራው። የውሃ ቀለምም ቢሆን ወደ ሳንባ ሲገባ ደህና ነገር አይደለም፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ። ከኤርብራሿ በፊት ማስኩን ግዙ ስላችሁ ከልቤ ነው።

ያ ልጅ ተመልሶ መጣ። ከኔ ትርፍ ዕቃ ውስጥ የምትሆነው ኖዝል ተገኘች፣ ራሱ በጣቱ ገጠማት፣ ውሃ ጨምሮ ነፋ፣ መፍላቱ ቆመ። ጋዜጣ ሰጠሁትና በውሃ ቀለም ነጥብ እየሰራ እስኪመሽ ቆየ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ባቄላ ባቄላ ያክል ነበር፣ የመጨረሻው ምስር አክሏል። የእናቱን ስዕል በኤርብራሽ መጀመር እችላለሁ ወይ አለኝ፣ ማስኩን ይዘህ ና አልኩት። ቅዳሜ ይመጣል።