«ድንጋይ አንብቦ እንጀራ አይበላም» ለተባልሽው እህቴ

የመሐል ሜዳ ልጅ፣ የጂኦሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ያልሽኝ እህቴ፣ ከመሬት በታች ያለውን በመሣሪያ ልኬት ወደሚያጠናው ጂኦፊዚክስ ማዘንበል ፈልገሻል። ወንድምሽ ደግሞ «ድንጋይ አንብቦ እንጀራ አይበላም፤ አቋርጪና አካውንቲንግ ተመዝገቢ፣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎሻል።

ወንድምሽ አስቦልሽ ነው፤ ግን ተሳስቷል፤ በአክብሮት ቁርጡን ንገሪው። ሦስት ዓመት የተለፋበትን ጥሎ ከሀ መጀመር ራሱ ኪሳራ ነው። ደግሞስ የት ተወልደሽ! መንዝ ውስጥ እናቶች ጄሪካን አዝለው ገደል እየወረዱ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ደረቅ ወጣ ሲባል ሰምተሻል። የቁፋሮው ብር ግን ውሃ ወጣም አልወጣም ይከፈላል። ቦታውን በትክክል የሚመርጥ ሰው ሥራ አያጣም።

የደጋችን አለት በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ ላቫ የተሠራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ውሃው በስንጥቁና በላቫ ንጣፎች መካከል ባለው በበሰበሰው ክፍል ስለሚተኛ፣ ጥቂት አሥርት ሜትሮች ፈቀቅ ማለት ውጤቱን ይለውጣል። ለዚህ የሚያገለግለው ቬስ (VES) የምንለው የሬዚስቲቪቲ ልኬት ነው፤ መሬቱ በየጥልቀቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ያሳያል። አራት የብረት ካስማ በአንድ መስመር ትተክያለሽ፤ በውጭዎቹ ሁለት ከረንት ትልኪያለሽ፣ በውስጥዎቹ ቮልቴጅ ታነቢያለሽ። የውጭዎቹን ከመሐል ከ1.5 ሜትር ጀምረሽ እስከ 330 ወይም 500 ሜትር ታርቂያቸዋለሽ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሳሳታል፦ 330 ሜትር ዘረጋሁ ማለት 330 ሜትር ጥልቀት አየሁ ማለት አይደለም፤ የሚታየው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የውስጥ ካስማዎቹን ስታሰፊ በዚያው የውጭ ርቀት በአሮጌውም በአዲሱም ለኪ፤ ሁለቱ ልኬቶች ካልተደራረቡ ከቁጥሮቹ የምትስዪው ኩርባ ይሰበራል። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ከረንት አልገባ ይላል፤ ካስማው ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አፍስሺ። ከሽቦ አጥርና ከመብራት መስመር ራቂ። መስመሩን ወደ ገደሉ አፋፍ አትዘርጊ፣ ከአፋፉ ጋር ትይዩ አድርጊው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚመጣው ቁጥሩ ሲተረጎም ነው። ያልተሰነጠቀ ባዛልት ከመቶዎች እስከ ከሺህ በላይ ኦም ሜትር (የሬዚስቲቪቲ መለኪያ) ያሳያል፤ ውሃ የያዘ ስንጥቅ ወደ አሥሮች ይወርዳል። ውሃ የማይሰጥ የሸክላ ጭቃም ይወርዳል፤ ከ20 በታች ሲሆን መጀመሪያ ጭቃን ጠርጥሪ። «ዝቅ አለ፣ ውሃ ነው» ብሎ የፈረመ ባለሙያ ነው የቀበሌውን ብር ዋልካ ውስጥ የሚቀብረው። ስለዚህ ቬሱን በአቅራቢያው ካለ ጉድጓድ የቁፋሮ መዝገብ ጋር ሳታመሳክሪ የሚቆፈርበትን ቦታ አትምረጪ። ጉድጓዱ ሥራ ከጀመረ በኋላም የውሃው ከፍታ በየወሩ ይለካ፤ ከሚሞላው በላይ ከተቀዳ ዘላቂ ልማት የሚባለው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሙያው በውሃ ብቻ አይወሰንም። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥና የደብረ ሲና ተዳፋት መንሸራተት፣ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ እንደምንኖር ያስታውሱናል። የመንገድ ሥራም፣ ከምድር ውስጥ ሙቀት የሚገኘው የእንፋሎት ኃይልም ይህን ሙያ ይፈልጋል።

ስለ ደመወዝ፦ መጀመሪያ በኮንትራትና በቀን አበል መሥራትሽ አይቀርም፤ ለወንድምሽ አትደብቂው።

«ሴት ልጅ በዱር ገመድ ስትጎትት» ላሉት ቤተሰቦችሽ፦ ሥጋታቸው ደኅንነትሽ ከሆነ ልክ ናቸው፤ የት እንደምታድሪና መኪናው መቼ እንደሚመለስ ሳታውቂ አትውጪ። ስለ ችሎታሽ ከሆነ አትከራከሪ፣ መሣሪያው ጋ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሪ፤ አንድ ክረምት ይበቃል። ማስተርሱን ሁለት ዓመት መስክ ከሠራሽ በኋላ ድረሺበት።

አሁን ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ለመመረቂያ ጥናትሽ የሁለት ጉድጓድ የቁፋሮ መዝገብ ጠይቂ፤ አንዱ ውሃ የሰጠ፣ አንዱ ደረቅ ይሁን። በሁለቱም አጠገብ ቬስ ለክተሽ ልዩነቱን አሳዪ።