ሚሳኤሉ ከሸፈ ወይስ ተመታ?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከአቡ ዳቢ ነው። በዚህ አካባቢ ሚሳኤል በተተኮሰ ቁጥር የአማርኛ ዜና እከታተላለሁ። አንዱ ‹ሚሳኤሉ ከሸፈ› ይላል፣ ሌላው ‹አመከኑት›፣ ሌላው ደግሞ ‹ጠለፉት›። እህቴ ሁሉም አንድ ነው ትለኛለች። የትኛው ነው ትክክል? የሩሲያው የአየር መከላከያ ኤስ-400 ‹400 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል› ሲባልስ ምን ማለት ነው? በመጨረሻም፣ ሚሳኤል ነው ሚሳይል?»

መልስ፦ አንድ አይደሉም። እርስዎ ባሉበት አገር ደግሞ ልዩነቱ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዜናውን የሰማ ሰው ከቤት ይውጣ አይውጣ የሚወስነው በእነዚህ ቃላት ነውና።

ከ«ከሸፈ» እንጀምር። ቃሉን ከጠመንጃ ጋር አጥብቀን እናውቀዋለን። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲቀር «ከሸፈ» እንላለን፤ ማንም አልነካውም፣ በራሱ ነው የቀረው። በፖለቲካውም ያው ነው፤ የ1953ቱንም የ1981ዱንም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ «የከሸፈው» ብለን ነው የምንጠራቸው። ስለዚህ «ሚሳኤሉ ከሸፈ» የሚል ዜና የሰማ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሚሳኤሉ ሞተሩ አልነሳ ብሎ ወይም መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወደቀ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ይህም በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። ኢራን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከ300 በላይ ድሮኖችና ሚሳኤሎች ወደ እስራኤል ስትልክ፣ ከባሊስቲክ ሚሳኤሎቹ (ወደ ላይ ተወርውረው ከሰማይ ከሚወርዱት) በርካቶቹ ገና ሲተኮሱ ወይም መንገድ ላይ ሳሉ ማንም ሳይመታቸው መውደቃቸውን የአሜሪካ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። ለእነዚያ «ከሸፉ» ልክክ ይላል። ሌላ ሚሳኤል ተተኩሶበት ለተመታው ግን ሌላ ግስ ያስፈልገናል፤ አለዚያ ሁለቱን ዓይነት የምንለይበት ቃል ያጥረናል።

«አከሸፈ» የሚለው አድራጊ ግስ የሚስማማው ለጥቃቱ ነው። «ጥቃቱን አከሸፉ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ያሰቡት አልሆነላቸውም ማለት ነው። «ሚሳኤሉን አከሸፉት» ግን ምን እንዳደረጉት አይነግረንም።

«አመከነ» የፈንጂ አምካኞች ቃል ነው። አምካኙ ተንበርክኮ፣ አፈሩን በእጁ ጠርጎ፣ ማቀጣጠያውን ይፈታና ፈንጂው እንደ ነበረ ሆኖ ግን ጉዳት የማያደርስ ይሆናል፤ መካን ይሆናል። አየር ላይ የተመታ ሚሳኤል እንዲህ አይደለም። ተሰባብሮ፣ ነዳጁ እየነደደ፣ አንዳንዴም ያልፈነዳ አረሩን፣ ማለትም ፈንጂውን፣ ይዞ ይወርዳል። «መከነ» የተባለው ሰው ግን ነገሩ አበቃለት ብሎ ያስባል። ለዚህ ነው በዜና ላይ ከሦስቱ ግሶች አብዝቼ የምፈራው ይህንን የሆነው።

«ጠለፈ»ን ስንሰማ አውሮፕላን ጠለፋና የልጃገረድ ጠለፋ ይመጡብናል፦ ያንን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ። ድሮንን በሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጥረው ከመንገዱ አስወጥተው ካሳረፉት፣ «ጠለፉት» በትክክል ይገልጸዋል። በሚሳኤል ለተመታ ሚሳኤል ግን አይሆንም።

እንግዲህ ምን እንበል? እኔ «አየር ላይ መቱት» እላለሁ። ሰዉም በአፉ የሚለው ይህንኑ ነው። በሥራው ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ስንመለከት ደግሞ «መታ» የሚለው ቃል በሁለት መንገድ እንደሚፈጸም እናያለን። ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ የቆየው ሚሳኤል፣ ፓክ-2 የሚባለው፣ ኢላማው አጠገብ ሲደርስ ራሱ ፈንድቶ በፍንጣሪ ይመታል። አዲሱ ፓክ-3 ግን በቀጥታ ይላተማል። እርስዎ ባሉበት አገር የተተከለው ታድ የተባለው ሌላው የአሜሪካ መከላከያ ጭራሽ ፈንጂ የለውም፤ የሚያጠፋው በፍጥነቱ ብርታት በመጋጨት ነው፣ ያውም ከ40 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ። በውጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኮሰውም እዚያው አቡ ዳቢ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2022 የየመኖቹ ሁቲዎች ሚሳኤሎችና ድሮኖች በመጡበት ዕለት ነበር። ለፓክ-3 እና ለታድ «ተላትሞ ሰባበረው» ብንል ነገሩን እንዳለ እናስቀምጠዋለን። ለፓክ-2 ደግሞ «አጠገቡ ፈንድቶ መታው»።

ይህ የቃላት ጥንቃቄ ከንቱ መራቀቅ እንዳይመስልዎ አንድ ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ኢራቅ ስከድ ሚሳኤሎችን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ እስራኤል ትተኩስ ነበር፤ ፓትሪዮትም ይተኮስባቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በየካቲት ወር ፓትሪዮት ወደሚሠራበት ፋብሪካ ሄደው፣ ፓትሪዮት ከገጠማቸው 42 ስከዶች 41ዱን ኢንተርሴፕት (በእንግሊዝኛ መንገድ ላይ አስቀረ እንደ ማለት) አደረገ ሲሉ ሠራተኛው በጭብጨባ አቀለጠው። የአሜሪካ ጦር በኋላ የራሱን ውጤት በሳዑዲ ከ80 ወደ 70 በመቶ፣ በእስራኤል ከ50 ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ ይህንንም ቢሆን አጥብቀው የተጠራጠሩ አጥኚዎች ነበሩ። በ1992 ጉዳዩ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲመረመር አንድ ጄኔራል የሰጡት ማብራሪያ የቋንቋ ሰው የሚረሳው አይደለም፦ ፕሬዚዳንቱ «አወደመ» አላሉም፣ ያሉት ኢንተርሴፕት ነው፣ ይህም ፓትሪዮቱና ስከዱ ሰማይ ላይ መንገዳቸው ተገናኘ ማለት ነው። በአንድ ግስ ጥላ ሥር መተላለፍና መምታት አንድ ሆነው ቀረቡ።

ፓትሪዮቱ ስከዱን ሳያጠፋ እንዲቀር ምክንያት የሆነውም ነገር ራሱ ትምህርት አለው። ኢራቃውያን ስከዱን ሩቅ እንዲሄድ ብለው ስላስረዘሙት ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ይሰበር ነበር። ፓትሪዮቱ ከስብርባሪው አንዱን፣ ምናልባት ባዶውን የነዳጅ በርሜል፣ መትቶ አረር የተሸከመው ጫፍ ጉዞውን ሊቀጥል ይችል ነበር። «ሚሳኤሉ ተመታ» እውነት ነው፤ «ጥቃቱ ከሸፈ» ግን ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ዘጋቢ ሁለቱንም ለየብቻ ይነግረናል፦ ምን እንደ ተመታና ምን እንደ ወደቀ።

የወደቀውን መናገር ለምን እንደሚያስፈልግ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2022 አቡ ዳቢ ላይ ሁለት ባሊስቲክ ሚሳኤሎች አየር ላይ ተመትተው፣ ስብርባሪያቸው በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎች መውደቁን የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር አስታውቆ ነበር። በጥቅምት 2024 ኢራን ወደ እስራኤል በተኮሰችበት ሌሊት ደግሞ ኢያሪኮ ላይ አንድ የጋዛ ሰው የሚሳኤል ስባሪ ወድቆበት ሞቷል። «መከነ» ብሎ ዜናውን የሚዘጋ ዘጋቢ፣ ሥራ ውሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ መንገድ የሚጀምረውን ሰው አላሰበውም።

ወደ ኤስ-400 ልሂድ። «400 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል» ሲባል ሰሚው ጋቢ ለብሶ የተኛ ሰው ነው የሚታየው፤ ከራስ እስከ እግር ምንም ያልተገለጠ። ራዳር ግን እንዲህ አይሸፍንም። የራዳር ሞገድ በቀጥታ ይጓዛል፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። አሥር ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ የሚበር አውሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊታይ ይችላል፤ መሬት ለመሬት በ50 ሜትር ከፍታ የሚመጣ ክሩዝ ሚሳኤልን ግን፣ አንቴናው 25 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢሰቀል እንኳ፣ የሚያዩት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። ተራራ ካለማ ከዚህም ያንሳል።

ሌላም አለ። 400 ኪሎ ሜትር የሚባለው 40ኤን6 የተባለው አንድ ሚሳኤል ይደርሳል ተብሎ የሚነገርለት ርቀት ነው፤ ያው ኤስ-400 እስከ 250 ኪሎ ሜትርም፣ እስከ 120 ኪሎ ሜትርም የሚደርሱ ሌሎች ሚሳኤሎችን ይተኩሳል። ለባሊስቲክ ሚሳኤል ሲሆን ደግሞ አምራቹ ራሱ የሚናገረው እስከ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ያ ከላይ እየተወረወረ በብዙ እጥፍ የድምፅ ፍጥነት ስለሚመጣ የመምቻው ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ «ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላንን እስከ 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መምታት ይችላል ይባላል» ነው። ረዘመ እንዳይሉኝ፤ ያጠረው «ይሸፍናል» የጣለውን ነው መልሼ ያስገባሁት። «ይደርሳል» ለሚሳኤሉ፣ «ያያል» ለራዳሩ፤ «ይሸፍናል»ን ለኢንሹራንስ እንተውለት።

ስለ ሚሳኤልና ሚሳይል፦ ሁለቱም በሕትመት አሉ፣ ስህተት የሆነ የለም። ሚሳይል ለእንግሊዝኛው አነባበብ ይቀርባል። ሚሳኤል ደግሞ ከሚካኤልና ከሩፋኤል ጋር ስለሚገጥም ይመስለኛል ለጆሯችን የቀለለው። እኔ ሚሳኤልን እመርጣለሁ፤ እርስዎ የፈለጉትን ይያዙ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አያቀላቅሏቸው።