መልስ፦ የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ በኋላ ወደ ሜዳ መመለስ

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ላይ ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰው ታናሽ ወንድምዎ ዳግም ሜዳ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። የእኔ መልስ የኦስትሪያዊው የቴኒስ ተጫዋች የቶማስ ሙስተር ታሪክ ነው።

ሙስተር እ.ኤ.አ. በ1989 ፍሎሪዳ ውስጥ ያኒክ ኖኣህን አሸንፎ ከኢቫን ሌንድል ጋር ለፍጻሜ በተዘጋጀበት ወቅት፣ ሰካራም ሹፌር ባደረሰው የመኪና አደጋ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን መራመድ ሳይችል ለእርሱ በተዘጋጀ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የታሰረ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የሚወረወርለትን ኳስ በራኬት ይመታ ነበር፤ ፎቶግራፉን ላየ ሰው ነገሩ ከልምምድ ይልቅ ግትርነት ይመስላል። በስድስት ወር ገደማ ወደ ውድድር ተመለሰ። በ1995 የፈረንሳይ ኦፕንን ጨምሮ 12 ዋንጫ አነሣ፤ በ1996 መጀመሪያም የዓለም አንደኛ ሆነ።

የእርሱን ፍጥነት ግን ወንድምዎ መለኪያ አያድርገው። የሙሉ ጊዜ አሠልጣኝና ባለሙያ አጠገቡ ነበሩ። ጄሶ ወይም ማሰሪያ ሲፈታ የጭን ጡንቻ ሟሽሾ ስለሚገኝ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳይፈቅድለት የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት በሩጫ እንዳይሞክር ይምከሩት።