ለቤታ ዓሣ ደባል ሲመረጥ

ጥያቄ፦ «40 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ አንድ ወንድ ቤታ አለኝ። ክንፎቹ ረጃጅም ናቸው። ብቻውን መሆኑ አሳዘነኝና አራት ወንድ ጉፒዎች ጨመርኩለት። በማግስቱ የሁለቱ ጅራት ተበጣጥሶ አገኘሁት። ዓሣ የሸጠልኝ ሰው ጎልድፊሽ ይሻላል ይለኛል። ከቤታ ጋር የማይጣላው የትኛው ዓሣ ነው?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ጉፒዎቹን ዛሬውኑ ያውጧቸው። «ይለማመዳሉ» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የተቀደደ ጅራት ቁስል ነው፤ ለባክቴሪያና ለፈንገስ በር ይከፍታል። ለብቻቸው ንጹሕና ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ካሉ ጅራቱ ቀስ በቀስ መልሶ ይበቅላል። የቤታውንም ክንፍ ደህና አድርገው ይዩት፤ እሱም ተነክሶ ሊሆን ይችላል።

ወንድ ቤታ ክልሉን የሚያስከብር ዓሣ ነው። ደማቅ ቀለምና ረጅም ጅራት ያለው ነገር ሲያይ ሌላ ወንድ ቤታ የመጣበት ይመስለዋል። ወንድ ጉፒ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቷል። ጉራሚ የሚባለው ዓሣም የቤታ ዘመድ ስለሆነ ያው ነው።

ጎልድፊሹን ይተዉት። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል፤ ጎልድፊሽ የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከዚያም በላይ ትልቅ ሆኖ ያድጋል፣ ውሃውንም ቶሎ ያቆሽሻል። 40 ሊትር ለእሱ ብቻውን እንኳ አይበቃም።

ብቸኝነቱ ያሳዘነዎት ነገር ግን አያሳስብዎ። ቤታ እንደ ቴትራ በመንጋ የሚኖር ዓሣ አይደለም። ብቻውን ቢሆን ምንም አይጎድልበትም። እውነቱን ለመናገር ደባል የምንጨምረው ለራሳችን ዓይን ነው። ይህን ካመንን ምርጫው ይቀላል፤ ምክንያቱም ባይሆንም ቅር አይለንም።

እኔ እርስዎን ብሆን በ40 ሊትሩ ውስጥ ሌላ ዓሣ አልጨምርም። ቤታዎ በአንድ ሌሊት ጠባዩን አሳይቷል፤ የተሸነፈ ዓሣ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ቀንድ አውጣ ግን ይሆናል። ከቀንድ አውጣዎች ኔራይት የሚባለውን እመርጣለሁ። መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አልጌ ይበላል፤ ጨው በሌለበት ውሃ እንቁላሉ ስለማይፈለፈል አኳሪየሙን አይወርረውም። መስታወቱና ድንጋዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ መሰል እንቁላል መጣሉ ትንሽ ያናድዳል፣ ያንን ይቻሉት። ትልቁ የአፕል ቀንድ አውጣም አለ፤ ነገር ግን የሚያንቀሳቅሳቸው ረጃጅም አንቴናዎች ለቤታ ትል ስለሚመስሉት ይነክሳቸዋል። ቼሪ ሽሪምፕ ከገዙ ለቤታው ምሳ እንደገዙ ይቁጠሩት። ትላልቆቹ ከተረፉ እንኳ ግልገሎቹ አይተርፉም።

ዓሣ ካልሆነ አልረካም ካሉ መጀመሪያ የሚለወጠው አኳሪየሙ ነው። ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ፣ ቁመቱ ሳይሆን ርዝመቱ የሚበልጥ፣ ተክል የበዛበት ይሁን። ቤታ አየር ከላይ እየወጣ ስለሚስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ላይኛው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች የሚኖር ደባል ይሻላል። ኮሪዶራስ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሰላማዊ ነው፣ ክንፉ አጭር ነው። ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ገዝቶ መጨመር ግፍ ነው። ከአንድ ዓይነት ቢያንስ ስድስት ይሁኑ፣ ወለሉም ለስላሳ አሸዋ ይሁን፤ አሸዋውን በአፋቸው እየቆፈሩ ነው ምግብ የሚፈልጉት። ሌላው አማራጭ ኤምበር ቴትራ ወይም ሃርለኪን ራስቦራ ነው፣ ከስምንት ያላነሱ። ሁለት መንጋ አንድ ላይ አይጨምሩ፤ አንዱን ይምረጡ። ታይገር ባርብና ሰርፔ ቴትራን ይራቁ። እነዚህ ክንፍ ነካሾች ናቸው፤ ያን ጊዜ የሚበጣጠሰው የእርስዎ ቤታ ይሆናል።

አዲሱ አኳሪየም ውሃ ተሞልቶ በማግስቱ ዓሣ የሚገባበት አይደለም። ፊልተሩ ላይ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ውሃው በመመርመሪያ ሲለካ ከቆሻሻው የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። የገዟቸውን ዓሦች ደግሞ በሽታ እንዳያመጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻቸው ያቆዩ።

የመግቢያው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ደባሎቹ መጀመሪያ ይግቡና ቦታውን ይልመዱት፣ ቤታው መጨረሻ ይግባ። ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ለጊዜው አውጥተው ድንጋዩንና ተክሉን ቦታ ያቀያይሩ፤ «የኔ» ያለው ክልል ይጠፋበታል። ሲመለስ መብራቱን ያጥፉና አጠገቡ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። የጉንጩን ክዳን ነፍቶ ቢያስፈራራ አይደንግጡ፣ ያ ፉከራ ነው። ሳያቋርጥ ካሳደደ፣ ወይም አንዱ ዓሣ ጥግ ይዞ ምግብ እምቢ ካለ ግን ወዲያው ይለዩዋቸው። ለዚህ ሲባል ማሞቂያና ፊልተር ያለው ትንሽ መጠባበቂያ ገንዳ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ አሁን ያለዎት 40 ሊትር ለዚህ ልክ ነው።

አንድ የቀረ ነገር፦ ቀንድ አውጣ ካስገቡ በኋላ ዓሣው ቢታመም የመድኃኒቱን ማሸጊያ ያንብቡ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ቀንድ አውጣንም ሽሪምፕንም ይገድላል። የታመመውን ዓሣ ወደ መጠባበቂያው አውጥተው እዚያ ያክሙት።