ቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆች ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ የምኖር እናት ነኝ። ሁለት ልጆቼን ከመጪው መስከረም ጀምሮ ቤት ውስጥ ላስተምራቸው ወስኛለሁ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከማዋስ ያለፈ ምን ሊረዳን ይችላል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በቅድሚያ የክፍለ ግዛቱ ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ውሳኔዎንና የሚያስተምሯቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢዎ የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ። በእኔ እይታ የቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ ሀብት መደርደሪያው ሳይሆን ባለሙያው ነው፤ ያንኑ ዝርዝር ይዘው ቢያማክሩት ለየልጁ ዕድሜ የሚመጥኑ መጻሕፍትን ይመርጥልዎታል፣ በቅርንጫፉ የሌለውንም ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት በውሰት የሚገኝበትን መንገድ ያመቻቻል። ተማሪዎች ትምህርት ቤት በሚውሉበት የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቢሄዱ ጸጥታም ሰፊ ጠረጴዛም ያገኛሉ። የአማርኛ መጻሕፍት ካነሱብዎት እንዲገዙ ይጠይቁ፤ ጠያቂ የሌለው መጽሐፍ (ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን) ገዢም የለውም።